አዲስ ሞተር እንደ ምጣድ ይሟሻል

አዲስ ምጣድ በጎመን ዘር ካልተሟሸ እንጀራው ይይዛል። አዲስ የሞተርሳይክል ሞተርም መሟሸት አለበት፤ ችግሩ ብዙ ሰው ይህን ጊዜ «ቀስ ብለህ ንዳ» በምትል አንድ ምክር ማለፉ ነው። ቀስ ማለት በአራተኛ ማርሽ በ25 ኪሎ ሜትር ፍጥነት እየተንገጫገጩ መሄድ ከሆነ ግን ጉዳቱ የሚመጣው ከዚያው ነው።

የሲሊንደሩ ግድግዳ ከፋብሪካ ሲወጣ ሆን ተብሎ የተጠላለፉ ቀጫጭን ጭረቶች አሉበት። ጭረቶቹ ዘይት ይይዛሉ፣ ጫፋቸው ደግሞ እንደ ሞረድ ሆኖ የፒስተኑን ፋሻ፣ ማለትም ፒስተኑን የሚከበውን የብረት ቀለበት፣ ከግድግዳው ጋር ያስማማዋል። ፋሻው ወደ ግድግዳው የሚጠጋው በራሱ ውጥረት ብቻ አይደለም፤ የሚቃጠለው ጋዝ ከጀርባው ገብቶ ይገፋዋል። ነዳጅ ሲሰጠው ግፊቱ ይበረታል፣ በሚኒሞ፣ ማለትም ነዳጅ ሳይሰጠው በዝግታ እየዞረ፣ ሲቆም ይደክማል። ስለዚህ አዲስ ሞተርን አስነስቶ ለግማሽ ሰዓት በቆመበት «ማሞቅ» ምንም አያሟሽም። ጭረቱ በወጉ ሳይበላ ዘይቱ ግድግዳው ላይ እያረረ ያብረቀርቃል፣ ፋሻውም የሚነክሰው ያጣል። ከዚያ በኋላ ሰማያዊ ጭስና የሚጎድል ዘይት ይመጣል፤ መፍትሔውም ብዙ ጊዜ ሲሊንደሩን አውርዶ ግድግዳውን እንደገና ማጫር ነው።

ዘይቱ ማዕድናዊ 20 ደብሊው 50 ቢሆን ይበቃል፣ ዕቃው ላይ ግን «ጃሶ ኤምኤ» (JASO MA) የሚል የሞተርሳይክል ዘይት ደረጃ ምልክት ይኑር። የአብዛኛው ሞተርሳይክል ፍሪሲዮን የሚሠራው በዚያው ዘይት ውስጥ ነው፤ ሰበቃ የሚቀንስ ቅመም ያለበት የመኪና ዘይት ከገባ ፍሪሲዮኑ ይንሸራተታል።

ጠዋት አስነሱ፣ አንድ ደቂቃ ያህል ጠብቁ፣ ቾኩን (ለማስነሳት አየር ቀንሶ ቤንዚን የሚያበዛውን) መልሱና ሂዱ። ቾክ በተለይ አዲስ አበባ ላይ አይዘግይ። ከተማዋ ከባሕር ጠለል ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፣ አየሩም ሩብ ያህል ሳስቷል። ለቆላ የተስተካከለ ካርቡራቶር እዚህ ሲመጣ ለአየሩ የሚበዛ ቤንዚን ይሰጣል፤ ትርፉ ቤንዚን ከግድግዳው ላይ ዘይቱን ያጥባል።

አነዳዱ እንዲህ ነው፦ በሁለተኛና በሦስተኛ ማርሽ እስከ ግማሽ ነዳጅ እየሰጡ (የነዳጅ እጀታውን እስከ ግማሽ እየጠመዘዙ) ማፍጠን፣ ከዚያ ነዳጁን ለቆ ሞተሩ ራሱ ፍጥነቱን እንዲያበርድ መተው፣ እንደገና ማፍጠን። በአንድ ፍጥነት ለረጅም ጊዜ አለመቆየት ነው ቁም ነገሩ። ሃያ ደቂቃ ከነዱ በኋላ አቁመው ያቀዝቅዙት። የሆንዳ መመሪያዎች ለመጀመሪያዎቹ 500 ኪሎ ሜትር ሙሉ ነዳጅና ድንገተኛ ማፍጠን ይከለክላሉ፤ «ከመጀመሪያው ቀን ጨክነህ ንዳው» የሚለውን ወገን ከመስማት ይህን መከተል ይሻላል። ከ500 እስከ 1,000 ኪሎ ሜትር ሦስት አራተኛ ነዳጅ፣ ያውም ለአፍታ። እስከዚያ ሰው ማፈናጠጥና ጭነት ይቅር። እንጦጦን የመሰለ ዳገት ላይ ቶሎ ማርሽ ቀንሱ። ሞተሩ በዝግታ እየዞረ ብዙ ነዳጅ ሲሰጠው ግፊቱ ፒስተኑ በሚያዞረው ዘንግ፣ በኮሎው፣ ላይ ይከመራል፣ የዘይት ፓምፑ ግን ገና ቀስ እያለ ነው። በአየር የሚቀዘቅዝ ሞተር ትራፊክ መብራት ላይ ከሁለት ደቂቃ በላይ ከቆመ ማጥፋት ነው።

የዘይት ቅያሪ ላይ መሰሰት የለም። ከሆንዳ ሲጂ 125 የተቀዱት የቻይና ሞተሮች የወረቀት ፊልትሮ የላቸውም፤ ወንፊትና እየተሽከረከረ ቆሻሻ የሚለይ ክፍል ብቻ ነው ያላቸው። የሟሸው ብረት ብናኝ ዘይቱ ውስጥ ይዞራል። መመሪያው የመጀመሪያውን ቅያሪ 1,000 ላይ ቢያደርገውም በ500 አንዴ፣ በ1,000 ደግሞ ሌላ ጊዜ ለውጡ፤ የሚሄደው አንድ ሊትር ገደማ ነው። ሞቅ እንዳለ አፍስሱና ዘይቱን ፀሐይ ላይ እዩት። እንደ ብር ቀለም የሚያብለጨልጭ ከሆነ የተለመደ ነው፣ በጣት የሚያዝ ስባሪ ከተገኘ ግን ሞተሩ ይፈተሽ። የማፍሰሻውን ብሎን ስታስሩ አትጨክኑበት፤ የአሉሚኒየሙ ጥርስ ተበልቶ ዘይት የሚያንጠባጥብ አዲስ ሞተርሳይክል ሞልቷል።

በዚያው አጋጣሚ የሞተሩን ማሰሪያና የማርሚታውን ብሎኖች አጥብቁ። ካቴናውም አዲስ ሲሆን ቶሎ ይረግባል፣ መሐሉ ላይ ከ20 እስከ 30 ሚሊ ሜትር ይወዛወዝ። በ1,000 የቫልቭ ክፍተት ሞተሩ በርዶ ይለካል፤ በብዙ ትንንሽ ሞተሮች ከ0.05 እስከ 0.10 ሚሊ ሜትር ነው። ቫልቭ «ጠቅ ጠቅ» ስላለ የሚደነግጥ ብዙ ነው፤ ይልቅ የሚያስፈራው ድምፁ ጨርሶ የጠፋ ቫልቭ ነው፣ ክፍተት አጥቶ በደንብ ስለማይዘጋ ይቃጠላል።

መሟሸቱን ለማወቅ ከ1,000ው ቅያሪ በኋላ የዘይቱን ከፍታ ምልክት አድርጉ፣ 500 ኪሎ ሜትር ነድታችሁ ሞተርሳይክሉን ቀጥ አቁማችሁ ለኩ። እምብዛም ካልጎደለና ነዳጅ ለቃችሁ ቁልቁለት ወርዳችሁ ድንገት ስትሰጡት ሰማያዊ ጭስ ካልወጣ ፋሻው ቦታውን ይዟል። ጠዋት ሲነሳ ለአፍታ የሚታየው ነጭ ተን ግን ውኃ ነው።