ቢጫው ሦስት ማዕዘን

እ.ኤ.አ. በ1956 ፀሐይ ደምቃ በዋለችበት አንድ ቀን፣ በእንግሊዝ ኤሴክስ በሚገኘው ሮችፎርድ ሆስፒታል ሐኪሞች ያለ ጊዜያቸው የተወለዱ ሕፃናትን እየዞሩ ያያሉ። የክፍሉ ኃላፊ ሲስተር ዋርድ የአንዱን ሕፃን ልብስ አውልቀው አሳዩዋቸው። ገላው ገረጣ ያለ ቢጫ ነው። አንድ ቦታ ላይ ግን ዳሩ በማስመሪያ የተሰመረ የሚመስል፣ ከሌላው ቆዳ በጣም የደመቀ ቢጫ ሦስት ማዕዘን አለ። ከሐኪሞቹ አንዱ ዶክተር ዶብስ ቀለም መሰላቸውና ምን እንደቀቡት ጠየቁ፤ አዮዲን ይሆን? ሲስተር ዋርድ እየፈሩ፣ ምንም እንዳልቀቡት፣ ይህ የፀሐይዋ ሥራ ሳይሆን እንደማይቀር መለሱ። ሦስት ማዕዘኑ የአንሶላው ጫፍ ሸፍኖት የዋለው ቦታ ነበር። እዚያ ቢጫው እንዳለ ቀርቷል፤ የደበዘዘው ብርሃን ያገኘው ሌላው ገላ ነው።

ሲስተር ዋርድ ለሕፃን ከታፈነ ክፍል ይልቅ ንጹሕ አየርና ፀሐይ ይሻላል ብለው አጥብቀው ያምኑ ነበር። ቀኑ ሞቅ ሲል ጨቅላዎቹን ከነአልጋቸው ወደ ግቢው ያወጧቸዋል። ልማዱ ማስረጃ ያልቀረበበት ነበር፤ ዛሬ ቢሆን ተጓዳኝ ሕክምና ከምንለው ጋር ይመደብ ነበር። ሐኪሞቹም ሰምተው አለፉት።

ጥቂት ሳምንታት ቆይቶ፣ ቢጫነቱ ከጠናበት ሕፃን የተቀዳ ደም ላቦራቶሪ ገባ። ገላን ቢጫ የሚያደርገው ንጥረ ነገር፣ የቢሊሩቢን፣ መጠን ከሕፃኑ መልክ ጋር ፈጽሞ የማይገጥም ዝቅተኛ ቁጥር ሆኖ ተመለሰ። ሌላ ናሙና ተቀድቶ ሲለካ ቁጥሩ ከፍተኛ ነው። ነገሩ ሲጣራ የመጀመሪያው ብልቃጥ ከመለካቱ በፊት በመስኮት ደፍ ላይ ለሰዓታት ፀሐይ ሲመታው ቆይቶ ኖሯል። ያን ጊዜ የሲስተር ዋርድ ሦስት ማዕዘን ትዝ አለ። የሆስፒታሉ ባልደረቦች ክሬመር፣ ፔሪማንና ሪቻርድስ ነገሩን በሙከራ ፈትነው በ1958 ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት አሳተሙት። ዛሬ በጨቅላ ሕፃናት ክፍል የምናየው ሰማያዊ መብራት፣ ፎቶቴራፒ፣ የመጣው ከዚያ ነው።

በቀለም ማከም የሚባለው ሙያ ውስጥ ላለ ሰው ከዚህ ገጠመኝ የተሻለ መማሪያ አለ ብሎ መናገር ይከብዳል። ሰማያዊ ቀለም እዚህ ላይ በርግጥ ሕይወት ያድናል። የሚያድንበት መንገድ ግን በቀለም ሕክምና ስም ከሚሸጡት አምፖሎች ብዙውን ጊዜ ይጎድላል።

ቢጫ ነገር ቢጫ የሆነው ሰማያዊውን ብርሃን ስለሚውጥ ነው። ቢሊሩቢን ያረጀ ቀይ የደም ሴል ሲፈርስ የሚወጣ ቢጫ ንጥረ ነገር ሲሆን፣ አብልጦ የሚውጠው የሞገድ ርዝመቱ 460 ናኖሜትር አካባቢ የሆነውን ሰማያዊ ነው። በተፈጥሮው ውኃ ውስጥ አይሟሟም። ለመወገድ ጉበት የሚያሟሟውን ነገር ሊያጣብቅበት ይገባል፤ የጨቅላ ጉበት ደግሞ ይህን ሥራ ገና አልለመደም። ሰማያዊው ብርሃን ቆዳ ውስጥ ገብቶ ሲመታው የሞለኪዩሉ ቅርጽ ይለወጥና፣ ጉበት ሳይደክምበት በሐሞትና በሽንት መውጣት ይችላል። ቢሊሩቢኑ እየጨመረ ሄዶ አንጎል ውስጥ ከገባ ጉዳቱ የዕድሜ ልክ ነው፦ የመስማት ችግር፣ የሰውነት አለመታዘዝ፣ አንዳንዴም ሞት። ስለዚህ ስለ መብራቱ መጠን መጨነቅ ሕፃኑን ማዳን ነው።

በ1870ዎቹ ፊላደልፊያ የነበሩት ጄኔራል ፕሊዘንተን ሰማያዊ መስታወት ሰውንም ወይንንም ያፋፋል ብለው ሲያስተምሩ፣ ብዙ አሜሪካዊ በመስኮቱ ላይ ሰማያዊ መስታወት አስገጠመ። ሰማያዊ መስታወት ግን ሰማያዊ ብርሃን አይጨምርም፤ ሌሎቹን ቀለማት ያስቀራል እንጂ። በንጹሕ መስታወት የሚገባው ሰማያዊ ከእሱ ቢበልጥ እንጂ አያንስም። ይኸው ስህተት ዛሬም አለ። ክር ያለውን የድሮ አምፖል በሰማያዊ ላስቲክ ወይም ቀለም መሸፈን ክፍሉን ሰማያዊ ያስመስለዋል፤ ያ አምፖል ግን ከመነሻው የሚሰጠው ሰማያዊ ትንሽ ነው፤ አብዛኛው ጉልበቱ ሙቀት ነው። ለጌጥ የሚሸጠው ባለ ብዙ ቀለም ኤልኢዲ ደግሞ የቀለሙ ዓይነት ሊቀርብ ይችላል፤ ኃይሉ ግን አይበቃም። ዓይን ቀለሙን እንጂ መጠኑን አይለካም።

የጨቅላ ክፍል መብራት በሁለት ነገር ይመዘናል። አንደኛው ከ460 እስከ 490 ናኖሜትር ባለው ክልል ውስጥ ማብራቱ ነው። ሁለተኛው ኃይሉ ነው፤ ጠንከር ላለ ሕክምና ሕፃኑ ቆዳ ላይ የሚደርሰው ለእያንዳንዱ ናኖሜትር በአንድ ስኩዌር ሴንቲ ሜትር ቢያንስ 30 ማይክሮዋት መሆን አለበት። የሚለካው የብርሃን ኃይል በሚለካ መሣሪያ፣ በራዲዮሜትር ነው፤ መለኪያው ሕፃኑ በሚተኛበት ከፍታ ላይ ይያዛል፣ መሃሉም ዳሮቹም ይለካሉ። ለአንድ መብራት የተሠራ መለኪያ ለሌላው የተሳሳተ ንባብ ሊሰጥ ስለሚችል፣ የመብራቱ አምራች የሚመክረውን መጠቀም ያስፈልጋል።

በሥራ ላይ ነገሩ የሚበላሸው አብዛኛውን ጊዜ እዚህ ነው። ፍሎረሰንት መብራት ለዓይን እንደ አዲስ እየበራ ኃይሉ ቀስ በቀስ ይወርዳል። የሠራበት ሰዓት ካልተመዘገበ የደከመውን ካልደከመው የሚለይ የለም፤ ተረኛዋ ነርስ መብራቱ በርቷል ብላ ትጽፋለች፣ በማግስቱ ቢሊሩቢኑ አልወረደም። ሁለተኛው ርቀት ነው። ለሥራ እንዲመች ተብሎ መብራቱ ከፍ ይደረግና ይረሳል። ፍሎረሰንቱን ከ40 ወደ 10 ሴንቲ ሜትር ማውረድ ኃይሉን ከእጥፍ በላይ ሊያደርገው ይችላል። ሃሎጅን መብራት ግን እንዲህ አይቀረብም፣ ያቃጥላል፤ አምራቹ ከጻፈው ርቀት ማለፍ የለበትም። ሦስተኛው ልብስ ነው። ሕፃኑ ይበርደዋል ተብሎ ኮፍያ፣ ካልሲና ትልቅ ዳይፐር ሲለብስ ብርሃን የሚያገኘው ቆዳ ግማሽ ይሆናል። የአንሶላ ጫፍ ምን እንደሚሠራ ሮችፎርድ ላይ ታይቷል። ቅዝቃዜ ካሰጋ ክፍሉ ይሞቃል እንጂ ሕፃኑ አይሸፈንም። በአልጋው ዙሪያ ነጭ ጨርቅ መጋረድ የሚባክነውን ብርሃን ይመልሳል፤ አየር እንዳያፍንና መብራቱን እንዳይነካ ብቻ መጠንቀቅ ነው።

ዓይኑ ሁልጊዜ ይሸፈናል፤ መሸፈኛው ተንሸራቶ አፍንጫውን እንዳይደፍን ቶሎ ቶሎ ይታያል። ሙቀቱ በየ3 እና 4 ሰዓቱ ይለካል። ጡት በየ2 እና 3 ሰዓቱ ይጠባል፣ ለመጥባት መብራቱን 20 ወይም 30 ደቂቃ ማቋረጥ ጉዳት የለውም። ውኃ ወይም የስኳር ውኃ ማጠጣት ቢሊሩቢኑን አያወርደውም፤ በብዛት የሚወጣው ከሐሞት ጋር በሰገራ ስለሆነ የሚረዳው ወተቱ ነው። ሰገራው ላላ፣ አረንጓዴም ቢል ሕክምናው እየሠራ ነው። ሌላ ብዙ ሰው የማያስበው ነገር አለ፦ ሰማያዊ ብርሃን ሥር የሕፃኑ ከንፈር መጥቆር አይለይም። ሕፃኑን ለማየት መብራቱን ማጥፋትና በተለመደው ብርሃን መመልከት ግዴታ ነው። በዚያ ብርሃን ሥር ረጅም ሰዓት የሚሠሩ ነርሶችም ራስ ምታትና ማቅለሽለሽ ይሰማቸዋል፤ መጋረጃው እነሱንም ይጠቅማል።

አገራችን ውስጥ የሲስተር ዋርድን ልማድ የማያውቅ ቤት የለም። አራስ ቤት ሕፃኑ ጠዋት ጠዋት ቅባት ተቀብቶ ፀሐይ ይሞቃል፤ ጤና ባለሙያውም አጥንቱ እንዲጠነክር ፀሐይ ማሞቁን ይመክራል። ሕፃኑ ቢጫ ሲሆንም አያት "ፀሐይ አሙቁት፣ ይለቀዋል" ትላለች። ምክሩ መሠረት የለውም ማለት አይቻልም፤ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ግን ተደባልቀውበታል። ለአጥንት የሚያስፈልገውን ቫይታሚን ዲ የሚሠራው የማይታየው አልትራቫዮሌት ቢ ጨረር ሲሆን፣ በተዘጋ መስታወት አያልፍም። ቢሊሩቢንን የሚለውጠው ሰማያዊ ብርሃን ግን በመስታወት ያልፋል። ችግሩ መጠኑ ነው። የጠዋት 15 ደቂቃ፣ ፊትና እግር ብቻ ተገልጦ፣ ለሰዓታት ከሚበራ መብራት ጋር አይወዳደርም። ራቁቱን ብዙ ሰዓት ማዋል ደግሞ ያቃጥላል፣ ውኃ ያሳጣል፣ ጥላ ሲሆን ያቀዘቅዛል። ናይጄሪያ፣ ሌጎስ ላይ የተደረገውና እ.ኤ.አ. በ2015 የታተመው ጥናት ፀሐይን ለዚህ ሕክምና ያዋለው ከላይ ልዩ ማጣሪያ ሽፋን ዘርግቶ ነው፦ አልትራቫዮሌቱንና ሙቀቱን ቀንሶ ሰማያዊውን ያሳልፋል። ሕፃናቱ በባለሙያ እየተጠበቁ ለሰዓታት ከሥሩ ቆዩ፤ ከተለመደው መብራት ያላነሰ ውጤትም ተገኘ። ኤሌክትሪክ ለሚቆራረጥበት ቦታ ትልቅ ተስፋ ነው፣ ለቤት ግን የሚሆን አይደለም።

በተወለደ በ24 ሰዓት ውስጥ ቢጫ የሆነ ሕፃን ፀሐይ የሚጠብቅበት ጊዜ የለውም። ቢጫው መዳፍና እግሩ ሥር የደረሰ፣ ጡት የተወ፣ የዛለ ወይም ወደ ኋላ የሚለጠጥ፣ ጩኸቱ የቀጠነ ሕፃንም በዚያው ሰዓት ሆስፒታል መግባት አለበት። የቆዳው ቀለም ጠቆር ላለ ሕፃን የዓይኑ ነጭ፣ ድዱና ጫን ተደርጎ የተለቀቀ ቆዳው ይታያል። የሕፃን ልብስ በናፍታሌን አይቀመጥ፤ አንዳንድ ሕፃናት በተፈጥሯቸው ለእሱ ደካማ ናቸው፣ ቀይ ደማቸው በብዛት ይፈርሳል።

የሚቀረው ሲስተር ዋርድ ያሳዩት ነገር ሌላ ገጽ ነው። ብርሃን ቆዳን ቶሎ ያነጣል፣ ደም ውስጥ ያለው ቢሊሩቢን ግን ገና ከፍ እንዳለ ሊሆን ይችላል። መብራት ከበራ በኋላ "ቀላ፣ ተሻለው" ተብሎ በዓይን ተፈርዶ መብራቱ የጠፋባቸው ሕፃናት ቢጫነቱ ተመልሶ የሚጠናባቸው በዚህ ነው። ስለዚህ ከመብራቱ ሥር ያለ ሕፃን በደም ምርመራ ይከታተሉታል፤ ጠንካራ ሕክምና ከ4 እስከ 6 ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ ቁጥሩን ማውረድ መጀመር አለበት፣ ካልወረደ መብራቱም ምርመራውም እንደገና ይታያል። መብራቱ ከጠፋ በኋላም ቁጥሩ ተመልሶ ሊወጣ ስለሚችል እንደገና ይለካል። ቆዳ ላይ በሚያርፍ መሣሪያ የሚለኩ ክፍሎች ደግሞ መብራቱ ከመከፈቱ በፊት የሕፃኑ ግንባር ላይ ብርሃን የማያሳልፍ ትንሽ ጨርቅ ይለጥፋሉ። ለመለካት ሲፈልጉ ጨርቁን ገለጥ አድርገው ከሥሩ ያለውን፣ እንዳለ የቀረውን ቢጫ ቆዳ ይለኩና መልሰው ይሸፍኑታል።