ዓርብ ቀን በሞኖፖሊ፦ ቅቤም እንቁላልም የሌለበት የጣሊያን ወጥ ቤት

ጣሊያን ውስጥ ዓርብን መጾም ቀላል ነው። ይህን ስል የሚስቁብኝ ጓደኞች አሉኝ። ጣሊያን ሲባል የሚታያቸው ከላይ አይብ የቀለጠበት፣ ከሥር ሥጋ የተነጠፈበት ላዛኛ ነው። እነሱ የሚያውቁት የሰሜኑን ማዕድ ነው። ቦሎኛ ላይ ፓስታው በእንቁላል ይቦካል። ሚላኖ ላይ ሪዞቶው፣ ያ የሩዝ ምግብ፣ በቅቤ ይሠራል። ወደ ደቡብ ሲወርዱ ግን ነገሩ ሁሉ ይለወጣል። በደቡብ ምሥራቅ ጫፍ ያለው የፑልያ ክልል ለረጅም ዘመን የድሃ ገበሬ አገር ነበር። እዚያ ስንዴ አለ፣ ባቄላ አለ፣ ወይራ አለ። እንቁላል ሊጥ ውስጥ ለመጨመር የሚተርፈው ቤተሰብ ብዙ አልነበረም። ዛሬ ቱሪስት ገንዘብ ከፍሎ የሚማረው ምግብ ያኔ ከማጣት የተወለደው ነው።

እህቴ የምትኖረው ሚላኖ ነው። ፖርታ ቬኔዚያ አካባቢ የሐበሻ ምግብ ቤቶች ስላሉ እንጀራ አይቸግራትም፤ የሚቸግራት ፀሐይ ነው። መስከረም ሊያልቅ ሲል ዕረፍት ወሰደችና «ባሕር እንሂድ» አለችኝ። ጊዜው ጥሩ ነበር። ነሐሴ ላይ ጣሊያን በሙሉ ወደ ባሕር ስለሚወርድ መቀመጫም መኝታም በእጥፍ ዋጋ ነው የሚገኘው። በመስከረም ማለቂያ ሕዝቡ ወደ ሥራው ተመልሷል፣ ውኃው ግን የበጋውን ሙቀት ገና አልለቀቀም።

ከሚላኖ እስከ ባሪ፣ የፑልያ ዋና ከተማ፣ በፈጣኑ ባቡር ሰባት ሰዓት ገደማ ይፈጃል። ግራውን መስኮት ያዙ። ሪሚኒን ካለፋችሁ በኋላ ሐዲዱ ረጅሙን መንገድ የአድሪያቲክን ባሕር ይዞ ነው የሚወርደው። አንዳንድ ቦታ ከባሕሩ የሚለያችሁ አሸዋው ብቻ ነው።

ባሪ የገባነው ሐሙስ ነው። መጀመሪያ ቅዱስ ኒቆላዎስ ቤተ ክርስቲያን ሄድን። የባሪ መርከበኞች እ.ኤ.አ. በ1087 የቅዱሱን አፅም ከሚራ፣ ዛሬ ቱርክ ከሚባለው አገር፣ አምጥተው ነው ይህ ቤተ ክርስቲያን የታነጸለት። ካቶሊኩም ኦርቶዶክሱም ይሳለመዋል። ምድር ቤቱ ወርደን ጸሎት አድርሰን ወጣን። ከዚያ እህቴ ጎትታ ወደ አርኮ ባሶ ወሰደችኝ። ከቤተ መንግሥቱ ምሽግ ፊት ለፊት ያለች ጠባብ መንደር ናት። እናቶች በራቸው ላይ ጠረጴዛ አውጥተው ኦሬኪዬቴ ይሠራሉ። ኦሬኪዬቴ የፑልያ ፓስታ ነው፤ ትንሽ፣ ጎድጓዳ፣ ጆሮ የሚመስል። እጃቸው እየሠራ አፋቸው ከጎረቤት ያወራል። የተሠራው ፓስታ ሽቦ በተወጠረበት የእንጨት ፍሬም ላይ ተሰጥቶ ይደርቃል።

የዚህ መንደር ፓስታ ጠበኛም ነው። እ.ኤ.አ. በ2019 ባለሥልጣናት ከየት እንደመጣ መለያ የሌለውን ኦሬኪዬቴ በሚገዙ ምግብ ቤቶች ላይ ቁጥጥር ሲጀምሩ ወሬው ውጭ አገር ጋዜጦች ድረስ ደረሰ። የእኔን ሐሳብ ከጠየቃችሁ፣ ለቤት የሚሆን ከረጢት ከእናቶቹ መግዛት ምንም ነውር የለበትም። ግን እጃቸው ላይ ዓይናችሁን ጣሉ። ሲሠሩ ካያችኋቸው ላይ ግዙ።

ማታውን ሞኖፖሊ የሚባለው የባሕር ዳር ከተማ ገባን። ከባሪ አርባ ኪሎ ሜትር ያህል ወደ ደቡብ ነው፤ በክልሉ ባቡር ቶሎ ይደረሳል። አሮጌው ከተማ ነጭ ነው። ወደቡ ላይ ሰማያዊ የዓሣ አጥማጅ ጀልባዎች ተሰልፈዋል። ከከተማው ግንብ ሥር ፖርታ ቬኪያ የምትባል ትንሽ አሸዋማ ዳርቻ አለች። ዓርብ ጠዋት እዚያ ዋኘን። ስለ ባሕሩ ብዙ አልጽፍም። ሁለት ሰዓት ከተጋደምኩ በኋላ ይሰለቸኛል፤ ለዚህም ነው የምግብ ትምህርቱን ከአዲስ አበባ ሆኜ እህቴን ወጥሬ ያስያዝኳት።

ሆቴሎችም ትምህርት ይሰጣሉ። ያየናቸው አብዛኞቹ ግማሹ ወይን መቅመስ፣ ሩቡ ፎቶ ነው። እኛ የመረጥነው በአንዲት አዛውንት ቤት የሚሰጠውን ነው። ሴትየዋ ሰባ ዓመት አልፏቸዋል። ሲኞራ ነው የምንላቸው። እህቴ ቀደም ብላ ደውላ «ዓርብ ሥጋ፣ ወተት፣ አይብ፣ እንቁላል አንበላም» ስትላቸው «ታዲያ ምን ችግር አለው? ድሮስ ከእነዚህ ውስጥ ምን ነበረን?» አሉ። እናታቸውም ዓርብ ዓርብ ሥጋ አይሠሩም ነበር። የካቶሊክ ሕግ ነው፣ ብዙ ወጣት ዛሬ ቢረሳውም።

ከሰዓት በኋላ አሥር ሰዓት ላይ ደረስን። ሆላንዳውያን ባልና ሚስት ቀድመውን ሽርጥ አስረው ቆመዋል። ሲኞራ እጃችንን አስታጠቡንና ቀለበቶቻችንን አስወለቁ። ከዚያ ረጅም የእንጨት ገበታ ላይ ዱቄቱን ቆለሉ። ይህ እኛ ቤት የለመድነው ፉርኖ ዱቄት አይደለም። ቢጫ ነው፣ በጣት ሲነኩት ደቃቅ አሸዋ ያህል ይሻክራል። ዱረም ከሚባለው ጠንካራ የስንዴ ዓይነት የተገኘ፣ ሁለት ጊዜ የተፈጨ ሴሞሊና ነው። ጣሊያን ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1967 የወጣ ሕግ ደረቅ ፓስታ ከዱረም ስንዴ ብቻ እንዲሠራ ያዛል። ፑልያ ደግሞ፣ በተለይ ፎጃ ዙሪያ ያለው ሜዳ፣ የዚህ ስንዴ አገር ነው።

ልኩ ቀላል ነው። ለአንድ ሰው መቶ ግራም ዱቄት፣ የዱቄቱን ግማሽ ያህል ለብ ያለ ውኃ፣ ቁንጥር ጨው። በቃ። መሐሉን ጉድጓድ አድርጎ ውኃውን ቀስ እያሉ ማፍሰስ ነው። መጀመሪያ አይያያዝም። ሆላንዳዊቷ ውኃ ልትጨምር እጇን ስትዘረጋ ሲኞራ ብርጭቆውን አነሱባት። «እጅሽን ጨምሪ እንጂ ውኃ አትጨምሪ!» አሏት። እውነታቸውን ነው። በመዳፍ ሥር እየገፉ፣ እያጠፉ፣ እየመለሱ አሥር አሥራ አምስት ደቂቃ ሲያሹት ሊጡ እሺ ይላል። ይለሰልሳል፣ ግን ጠንካራ ነው። የእንቁላሉን ሥራ ስንዴው ራሱ ይሠራል፤ የዱረም ፕሮቲን ብዙ ስለሆነ ቅርጹን ይዞ ይቀራል። ከዚያ በሳህን ተከድኖ ግማሽ ሰዓት ያርፋል።

ሊጡ ሲያርፍ ወደ ምድጃው ዞርን። እዚያ የሸክላ ማሰሮ ውስጥ የተከካ ባቄላ ከጠዋት ጀምሮ በለሆሳስ እየተንተከተከ ነበር። ሌሊቱን የተዘፈዘፈ ነው። ፋቬ ኤ ቺኮሪያ ይሉታል፣ የባቄላ ገንፎ ከበሰለ መራራ ቅጠል ጋር። ሲኞራ የእንጨት ማማሰያ ሰጡኝና «ምቺው» አሉኝ። የወይራ ዘይቱን እሳቸው በቀጭኑ እያንጠባጠቡ እኔ እመታለሁ። ገረጣ፣ ከዚያ ነጣ፣ ከዚያ አብረቀረቀ። እህቴን ዞር ብዬ አየኋት፤ እሷም እያየችኝ ነበር። «እልበት!» አለች። እልበት ነው እንጂ ሌላ ምን ይባላል። ሰናፍጩ ብቻ ቀረ። ሲኞራ ምን እንደምንል ጠየቁ። እህቴ በጾም ባቄላ አፍልተን፣ በዘይት መትተን፣ በእንጀራ እንደምንበላ ነገረቻቸው። ራሳቸውን ነቀነቁና ተጨማሪ ዘይት ጣል አደረጉበት።

ዘይቱን ሳይሰስቱ ነው የሚያፈሱት፤ ምክንያት አላቸው። ፑልያ ከጣሊያን ክልሎች ሁሉ ብዙ የወይራ ዘይት የሚመረትባት ናት። ሞኖፖሊ አጠገብ እስከ ኦስቱኒ ድረስ የምዕተ ዓመታት ዕድሜ ያላቸው ግንዶች ሜዳውን ሞልተውታል። ከዚያ ወደ ደቡብ፣ ሳሌንቶ ላይ ግን እ.ኤ.አ. በ2013 የታወቀ ዛፍ አድራቂ የባክቴሪያ በሽታ በሚሊዮን የሚቆጠሩ ወይራዎችን ገድሏል። የሲኞራ ዘመዶች የዚያ አካባቢ ሰዎች ናቸው። ሌላ ነገር አልጨመሩም፣ ጠርሙሱን ከደኑት።

ወደ ሊጡ ተመለስን። የቀኑ ዋና ሥራ ይህ ነው፤ እጅ የሚፈልገው።

ከሊጡ ቆርሶ በመዳፍ እያንከባለሉ የትንሽ ጣት ውፍረት ያለው ገመድ ማድረግ ነው። ገመዱን በጥፍር ስፋት መቆራረጥ። ከዚያ ጫፉ ክብ የሆነ ተራ የገበታ ቢላ ይያዛል። ቢላውን ቁራጩ ላይ ጫን አድርጎ በእንጨቱ ላይ ወደ ራስ መጎተት ነው። ሊጡ ይዘረጋል፣ ከቢላው ሥር ይጠቀለላል። ያን የተጠቀለለውን በአውራ ጣት ጫፍ ላይ ወደ ውጭ መገልበጥ። ኦሬኪዬቴው ያኔ ይወለዳል። ውስጡ ልስልስ፣ ጀርባው ሻካራ ይሆናል። ሻካራው ነው ወጡን የሚይዘው። ለዚህም ነው ገበታው እንጨት የሚሆነው፤ እብነ በረድ ላይ ሊጡ ይንሸራተታል እንጂ አይጎተትም። ፋብሪካዎችም ይህንኑ ያውቃሉ። በነሐስ ቀዳዳ የወጣ ፓስታ ገጹ ሻካራ ነው፣ በቴፍሎን የወጣው ያብለጨልጫል። ሱቅ ስትገቡ ዱቄት የነካው የሚመስለውን ምረጡ።

ሲኞራ ሲሠሩ ቢላው ከእንጨቱ የሚለይ አይመስልም። ጉተታ፣ ግልበጣ፣ ጉተታ፣ ግልበጣ። ከእኛ መሐል የበለጠው ሆላንዳዊው ባል ነው። አናጢ ነው። ጣቶቹ ወፍራም ስለሆኑ ሁላችንም ንቀነው ነበር። እሱ ግን ቢላውን በትክክለኛው ማዕዘን የሚያጋድም ሰው ሆኖ ተገኘ። ሚስቱ «ቤት ውስጥ ድንች ልጦ አያውቅም» ብላ አማችው። እህቴ ፎካቻውን፣ ጠፍጣፋውን የዘይት ዳቦ፣ ያዘች። የባሪ ፎካቻ ሊጡ ውስጥ የተቀቀለ ድንች ይገባበታል፣ ከላይ ትንንሽ ቲማቲምና የወይራ ፍሬ ይጫንበታል፣ ዘይቱ አይሰሰትም። እሱ ብዙ ጥበብ አይጠይቅም፣ ትኩስ ምድጃ ነው የሚጠይቀው።

ወጡ ቺሜ ዲ ራፓ ነው። የጎመን ዘመድ፣ ከአበባው እምቡጥ ጋር የሚበላ፣ ምርር ያለ። ከመጸው ጀምሮ ነው ገበያ የሚወጣው፤ እኛ የደረስነው በመጀመሪያው ላይ ነው። ጨው ባለው የፈላ ውኃ ውስጥ መጀመሪያ ጎመኑ ይገባል። ትንሽ ቆይቶ ፓስታው እዚያው ላይ ይጨመራል። ሁለት ድስት የለም፤ የጎመኑ ውኃ ነው ፓስታውን የሚያጣፍጠው። በሌላ ሰፊ መጥበሻ የወይራ ዘይት፣ ነጭ ሽንኩርትና አንድ ደረቅ ዛላ በርበሬ ይሞቃል። እዚህ ላይ በጨው የተቀመጠ ትንሽ ዓሣ ይሟሟበታል። ዓሣ በጾም ይበላል አይበላም የሚለውን ክርክር ለአባቶች ትቼ የእኛ መጥበሻ ብቻውን እንዲሆን ጠየቅሁ። ሲኞራ ምንም ሳይሉ ሁለተኛ መጥበሻ አወጡ።

አይብ አልነበረም። በአይብ ቦታ የደረቀ ዳቦ ፍርፋሪ በዘይት ቀላ እስኪል ተጠብሶ ይነሰነሳል። አይብ መግዛት የማይችል ቤት ይህን ነበር የሚነሰንሰው። እውነቱን ልናገርና ከአይቡ ይሻላል። ለስላሳው ፓስታ ላይ ይንኮሻኮሻል፣ የጎመኑን ምሬትም አይሸፍንበትም። ሆላንዳውያኑ ሁለቱንም መጥበሻ ቀምሰው የዓሣውን መረጡ። እኔ የኛውን ሁለቴ አስጨመርኩ።

ማዕድ ላይ ወሬው ወደ ስንዴ ሄደ። ሲኞራ የልጅነታቸውን ዱቄት አወደሱ፣ ሴናቶሬ ካፔሊ የሚባለውን። እ.ኤ.አ. በ1915 ናዛሬኖ ስትራምፔሊ የተባለው አዳቃይ ከሰሜን አፍሪካ ዘር መርጦ ያወጣው ዱረም ነው። የጣሊያን ኩራት የሚባለው ስንዴ አያቱ አፍሪካዊ መሆኑን አስታወስኳቸው። ኢትዮጵያም በዱረም ስንዴ ዓይነት ብዛት ዓለም የሚያውቃት መሆኗን ጨመርኩ። ሩሲያዊው የዕፅዋት ተመራማሪ ቫቪሎቭ እ.ኤ.አ. በ1927 ዘራችንን ሊሰበስብ ድረስ መጥቷል። ደብረ ዘይት የምርምር ማዕከሉ አለ፣ ባሌ ላይ ገበሬው ለፓስታ ፋብሪካ ያመርታል። ሲኞራ በጥሞና ሰሙና «ታዲያ ለምን ከእኛ ትገዛላችሁ?» አሉ። እህቴ ትርጉሙን ሳትጨርስ ሳቀች። መልስ አልነበረኝም፣ ፎካቻ ቆረስኩ።

ለመሄድ የምታስቡ ካላችሁ፣ ትምህርቱን ከሆቴል ሳይሆን ሰው ቤት ፈልጉ። የማትበሉትን ከመድረሳችሁ በፊት ንገሩ። ፓስታውን የእኛ ክረምት ሲሆን፣ ማለትም የእነሱ በጋ ላይ ከሠራችሁት፣ ቺሜ ዲ ራፓ ገበያ ላይ የለም። ያኔ በትኩስ ቲማቲም ይሠሩታል፣ ካቾሪኮታ የሚባል ደረቅ አይብም ይፈቀፈቅበታል። ዓርብ ከሆነባችሁ ፍርፋሪውን ጠይቁ።