ባዶው ሽጉጥ «ቀጭ» ሲል
የግል ጥበቃ ሥራ ከጀመርኩ ሁለተኛ ዓመቴ ነበር። ሥራችን ሰው ማጀብ ነው። ኮት እንለብሳለን፣ ሽጉጣችንን ከኮቱ ሥር እንሸሽጋለን፣ የቢሮ ሰው መስለን እንውላለን። ሽጉጡንና ጥይቱን የሚሰጠን መሥሪያ ቤቱ ነው። ሽጉጡ የሚገባበትን አፎት ግን እያንዳንዳችን ከኪሳችን ነው የምንገዛው። (ማኅደር የሚሉትም አሉ፤ እኛ ጋ አፎት ነው።) እኔ ደግሞ ለጫማዬ የምጨነቀውን ያህል እንኳ ለአፎቴ ተጨንቄ አላውቅም ነበር። ቆዳ ነው። ለስላሳ ነው። ሱሪ ውስጥ ሲገባ ጎን አይቆረቁርም። ሌላ ምን ይፈለጋል?

ልስላሴውን እንዲያውም እኔው ነኝ የጨመርኩበት። ስገዛው ትንሽ ጠንከር ብሎ ነበር። ማታ ማታ ቴሌቪዥን እያየሁ ዘይት እየቀባሁ አሸሁት። ወር ሳይሞላው እንደ አሮጌ የገንዘብ ቦርሳ ተጣጠፈልኝ። ደስ አለኝ። እንዴት ያለ ሞኝነት!

ያን ቀን ፈረቃዬን ጨርሼ መሣሪያ ላስረክብ ገባሁ። ክፍሉ በር ላይ አሸዋ የተሞላ በርሜል አለ። ደንቡ ግልጽ ነው። አፈሙዙን ወደ አሸዋው ታዞራለህ፣ ካዝናውን፣ ማለትም የጥይቱን ማቀፊያ፣ ታወጣለህ፣ ከዚያ ታቀባብላለህ። የጎረሰው ጥይት ይወድቃል። ጥይት የሚጎርስበትን ቀዳዳ በዓይንህም በጣትህም ታረጋግጣለህ። ይህን ሁሉ አደረግኩ። ከዚያ መዝገብ ላይ ለመፈረም እጄን ማስለቀቅ ስለነበረብኝ ባዶውን ሽጉጥ ወደ አፎቱ መለስኩት። ኮቴን በግራ እጄ ገለጥ፣ በቀኜ ወሸቅ። ሳላይ። እንደ ሁልጊዜው።

ግማሽ ላይ ሲደርስ ያዝ አደረገው። ገፋ አደረግኩት።

ቀጭ።

ድምፁ ትንሽ ነው፤ እስክሪብቶ ከመጫን አይበልጥም። መሣሪያ የሚይዝ ሰው ግን ያን ድምፅ ከሌላ ነገር ጋር አያምታታውም። ቃታው ተስቦ ጥይት የሚያፈነዳው መርፌ መትቷል። ጣቴ ደግሞ ቃታው አጠገብ አልነበረም።

የመሣሪያ ክፍሉን ኃላፊ ሁላችንም ጋሼ ብቻ ነው የምንላቸው። ከመዝገቡ ላይ ቀና አሉ።

«ባለህበት ቁም» አሉኝ። አልጮሁም። ቢጮሁብኝ ይሻለኝ ነበር።

መጥተው ኮቴን ገለጡ። ጎንበስ ብለው አዩ። ከዚያ እኔም እንዳይ ኮቱን ከፍ አደረጉልኝ። የአፎቱ አፍ አንዱ ከንፈር ወደ ውስጥ ታጥፎ፣ ቃታውን በሚከበው ቀለበት ውስጥ ገብቷል። ልክ እንደ ጣት።

«ጠዋት ስትወጣ አቀባብለህ ነው የምትከተው፣ አይደል?»

«አዎ ጋሼ።»

«እንደዚሁ ሳታይ?»

ምን ልመልስ? ዝም አልኩ። የማስበው አፈሙዙ የት እንደሚያይ ነበር። ከቀበቶዬ ሥር፣ በቀኝ ጎኔ፣ ቁልቁል። ጠዋት ላይ ቢሆን ኖሮ ባርቆ ታፋዬን ይዞት ይወርድ ነበር። ያንኑ አፎት፣ ያንኑ አገፋፍ፣ ጥይት የጎረሰ ሽጉጥ ይዤ ስንት ጠዋት ደግሜዋለሁ።

ሽጉጡ አላጠፋም። በጣት የሚገፋ መጠበቂያ የለውም። መጠበቂያው ቃታው ላይ ያለች ትንሽ ምላስ ናት፤ ቃታውን የሚጫን ነገር እሷንም አብሮ ይጫናታል። ቃታው ለመሳብ 2.5 ኪሎ ገደማ ይፈልጋል። ብዙ ይመስላል። ግን በሙሉ ክንድ ቁልቁል ስትገፋ 2.5 ኪሎ ምንም አይደለም። የገፋው ጣት ይሁን የታጠፈ ቆዳ፣ ሽጉጡ አይለይም።

ጋሼ አፎቱን አስወልቀው ባዶውን በሁለት ጣት ቆነጠጡት። አፉ ግጥም አለ።

«ሽጉጥ ሳይኖርበት አፉን ከፍቶ ካልቆመ አፎት አይደለም» አሉ። «ካልሲ ነው።»

ሪፖርት መጻፉንና ከሥራ ታግጄ መሰንበቴን እዘለዋለሁ። ሁለት ገጽ ሙሉ ስለ ራስ ሞኝነት መጻፍ የሚያስደስት ነገር የለውም። በዕረፍቴ ግን ጋሼ ወደነገሩኝ የቆዳ ባለሙያ ሄድኩ። እዚያ ነው ቆዳ ሁሉ ቆዳ እንዳልሆነ የገባኝ።

ሰውዬው ሁለት ቁራጭ ጠረጴዛው ላይ አደረገልኝ። አንዱ ክሮም በሚሉት ኬሚካል የለፋ ነው። ለጃኬት፣ ለቦርሳ የሚሆን። ጨበጥኩት፣ እንደ ጨርቅ ተኮማተረ። ሌላው በዛፍ ቅርፊት የለፋ ነው። በጣቱ አንጓ ሲያንኳኳው እንደ ጣውላ ድምፅ ሰጠ። የክሮሙ በቶሎ ይደርሳል፤ የቅርፊቱ ሳምንታት፣ አንዳንዴም ወራት ይፈልጋል። ዋጋውም የሚለየው ከዚያ ነው። ልዩነቱ ግን የሚታየው ውኃ ሲነካቸው ነው። በቅርፊት የለፋው ርሶ ቅርጽ ከያዘ በኋላ ሲደርቅ ያንኑ ቅርጽ ይዞ ይቀራል። የክሮሙ ይደርቅና ወደ ልስላሴው ይመለሳል። የእኔው ካልሲ ከየትኛው እንደተሰፋ መናገር አያስፈልገኝም።

ሥራውን ቆሜ አየሁ። የእኔን ሽጉጥ የሚመስል የፕላስቲክ ሞዴል አለው። ከ3 ሚሊ ሜትር በላይ የሚወፍረውን ቆዳ ሰፍቶ፣ አርሶ፣ ሞዴሉን ከተተበት። ከዚያ ልሙጥ አጥንት ይዞ በቃታው ቀለበት ዙሪያ ቀስ እያለ ይጫን ጀመር። ሲጫን ሲጫን የሽጉጡ መልክ በቆዳው ላይ ብቅ አለ። ሽጉጡን የሚይዘው ይህ በመጫን የሚወጣው ጉድጓድ ነው። በጣም ከጠለቀ አልመዘዝ ይላል፣ ከሳሳ ይወድቃል። አፉ ላይ ደግሞ ሌላ የቆዳ ድርብ ጨመረበት፤ ሽጉጡ ሲመዘዝ ከንፈሩ እንዳይወድቅ። ክሩ በሰም የታሸ ነው፣ ስፌቱ ቃታው አካባቢ ሁለት ረድፍ ነው። ቃታው ከነቀለበቱ ሙሉ በሙሉ ተሸፍኗል። መያዣው ግን ነፃ ነው። ለመምዘዝ እጄን ስሰድ ሦስቱም ጣቶቼ መያዣው ላይ ይጠቀለላሉ፤ አያያዜን ማስተካከል አያስፈልገኝም።

ከላይ እንደ ልብስ በቁልፍ የሚዘጋ ማሰሪያ ልጨምርልህ ወይ ብሎኝ ነበር። እንቢ አልኩ። ግርግር ውስጥ በግልጽ ለሚታጠቅ ሰው ማሰሪያ ደግ ነው። እኔ ግን ከኮት ሥር ስለምደብቀው ከቅርጹ የሚመጣው አያያዝ ይበቃኛል። ባዶውን ሽጉጥ ከትተን፣ ዘቅዝቀን አራገፍነው። አልወደቀም።

ከአፎቱ እኩል ያስገረመኝ ቀበቶው ነው። «ይቺን ይዘህ ነው?» ብሎ ቀጭኗን የሱሪ ቀበቶዬን ሲያያት አፈርኩ። ሽጉጡ ወደ ውጭ እያዘነበለ ኮቴን ይገፋ የነበረው በእሷ ምክንያት ነው። እኔ ለካ ሁሌም ኮቱን ነበር የማማው። ድርብ ቆዳ ቀበቶ ስታጠቅ ሽጉጡ ጎኔ ላይ ልጥፍ አለ።

አዲሱ አፎት የመጀመሪያው ማታ አላስመዝዝ አለኝ። እጄ ሳላውቀው ወደ ዘይቱ ጠርሙስ ሄዶ ነበር። ተመስገን፣ መጀመሪያ ለቆዳ ባለሙያው ደወልኩ። «ዘይት እንዳታስነካው! ባዶውን ሽጉጥ በስስ ፌስታል ጠቅልለህ ክተትና አሳድረው» አለኝ። ጠዋት ላይ ልክ ሆነ። ከዚያ ወዲህ ግን ሽጉጡን እዚያ ውስጥ አላሳድርም። ቆዳ እርጥበት ይይዛል፣ ብረቱ ዝገት ያወጣል። ለብሰው የዋሉት ቆዳ ደግሞ ላብም አለበት። ሁለቱም ለየብቻ፣ ተቆልፎባቸው ያድራሉ።

ጠዋት አፎቱን ገና ሳልታጠቅ ሽጉጡን እያየሁ አስገብቼ፣ ከነሽጉጡ ነው የምታጠቀው። ቀን ላይ መመለስ ካለብኝ ኮቴን ከፍ አድርጌ፣ ጎንበስ ብዬ አይቼ፣ ቀስ ብዬ። መምዘዝ ሊያስቸኩል ይችላል፤ መመለስን የሚያስቸኩል ነገር እስካሁን አልገጠመኝም።

አንድ ችግር ብቻ አለው። አዲስ ቆዳ ይጮኻል። የማጅባቸው ሰውዬ ስብሰባ ላይ ፀጥ ባለበት ሰዓት ክብደቴን ከአንድ እግር ወደ ሌላው ሳዛውር «ጢጥ» አለ። ሁሉም ዞረው ሲያዩኝ ጣራ ጣራውን አየሁ። ማታ ለጋሼ ነገርኳቸው።

«አፎቱ ይጮኻል ጋሼ።»

መዝገቡን ወደ እኔ ገፋ አደረጉልኝ።

«የፊተኛውስ መች ዝም አለ? ፈርም።»