ፈረሱን ልግዛው ወይስ ይቅርብኝ?

አዳማ ላይ ከአርሲ ደጋ የመጣ የሁለት ዓመት ተኩል ፈረስ አግኝቻለሁ። አሳድጌ፣ ጋሪ አስለምጄ ልሸጠው ነው ሐሳቤ። አፉን ከፍቼ አየሁት፤ የፊት የወተት ጥርሶቹ ገና መውለቅ ጀምረዋል። ጥርሱ የሚሞላው በ5 ዓመቱ ገደማ ነው፣ እስከዚያ ጭድና ፉርሽካው ከኔ ኪስ ነው። አጥንቱ ሳይጠና ብጠምደው ደግሞ እግሩ ይበላሻል፣ ያኔ ማን ይገዛኛል?

ከሁሉ የሚያስፈራኝ ግን በሽታው ነው። የጋሪ ፈረሶች እግርና ደረት ላይ እንደ መቁጠሪያ ተደርድሮ የሚፈነዳውን እባጭ አይታችሁታል አይደል? ብርዳማው ደጋ ላይ ብዙም አይታይም፣ እዚህ ግን በዝንብና በጋሪ ዕቃ ከቁስል ወደ ቁስል ይሻገራል። የጎረቤቴን ፈረስ የጨረሰው እሱ ነው፣ አሁንም ሳስበው ሆዴን ይበላኛል።

ሰኞ የእንስሳት ሐኪም ይዤ እሄዳለሁ። ጤነኛ ነው ካለኝ እገዛዋለሁ፣ ግን 4 ዓመት ሳይሞላው ጋሪ አላስነካውም።