«ፕሪንተሬ ወረቀት እየበላ ነው»፦ ዌብሳይታችንን ሰው እንዲያገኘው ያደረግንበት መንገድ

የቢሮ ፕሪንተርና ፎቶ ኮፒ ማሽን እንጠግናለን። አራት ሆነን ስንጀምር ሥራ የሚመጣው በሰው በሰው ነበር። ሠራተኛ ስንጨምር ግን ያ አልበቃ አለ። ዌብሳይት አሠራን። «ኦንላይን ማርኬቲንግ» የሚሉት ነገርም እኔ ላይ ወደቀ። ምክንያቱ ኮምፒውተር ላይ ብዙ ስለምቀመጥ ብቻ ነው።

መጀመሪያ ያደረግኩት የድርጅታችንን ስም ጎግል ላይ መጻፍ ነው። አንደኛ ወጣን! ለሁሉም እየዞርኩ አሳየሁ። ስማችንን የሚጽፍ ሰው ግን ድሮም የሚያውቀን ሰው ነው። በኋላ ሰርች ኮንሶልን ከፈትኩ። ጎግል ለዌብሳይት ባለቤቶች በነፃ የሚሰጠው መሣሪያ ነው፤ ሰው ምን ብሎ ፈልጎ እንዳገኘህ ያሳይሃል። ክሊኮቹ ከሞላ ጎደል ሁሉም በስማችን የመጡ ነበሩ። የማያውቀን ሰው እኛ ጋ የሚደርስበት መንገድ አልነበረውም።

የፊት ገጻችን ርዕስ «የተሟላ የህትመት መፍትሔ አቅራቢ» ይል ነበር። የጻፍኩት እኔ ነኝ፤ ኮርቼበትም ነበር። ማሽኑ ተበላሽቶበት «የተሟላ የህትመት መፍትሔ» ብሎ የሚፈልግ ማን ነው?

ይህ ሳይገባኝ በፊት ግን ገንዘብ አባክኛለሁ። «በአንድ ወር ውስጥ አንደኛ አደርጋችኋለሁ» ያለን ባለሙያ ነበር። አንደኛ ለመውጣት ማንም ዋስትና ሊሰጥ እንደማይችል ጎግል ራሱ ጽፎታል። እኔ ያነበብኩት ከከፈልን በኋላ ነው። ሰውየው ከሥራችን ጋር ምንም ከማይገናኙ ዌብሳይቶች ሊንክ ገዛልን፣ ያውም በገፍ። የሐሳቡ ምንጭ ይገባኛል። ላሪ ፔጅና ሰርጌ ብሪን እ.ኤ.አ. በ1998 ጎግልን ሲመሠርቱ፣ ወደ አንድ ገጽ የሚያመለክት ሊንክ ለዚያ ገጽ እንደ ምስክር ይቆጠር ነበር። ምስክር የሚሸጥ ሰው ደግሞ ለመምጣት ጊዜ አልወሰደበትም። ጎግል በ2012 ፔንግዊን የተባለውን ማሻሻያ ያመጣው ለዚህ ነው። ከ2016 ወዲህ ደግሞ እንዲህ ያሉትን ሊንኮች በአብዛኛው ከቁጥር ሳያስገባ ያልፋቸዋል። እኛ የሐሰት ምስክር ገዛን፣ ዳኛው ሳይሰማቸው ቀረ።

መንገዱን ያሳየችኝ ስልክ የምታነሳው ባልደረባችን ናት። ጠረጴዛዋ ላይ ጠርዙ የተበላ ደብተር አለ። ደንበኛ ሲደውል የነገራትን ቃል በቃል ትጽፋለች፤ ቴክኒሻኑ እንዲያየው። አንድ ቀን ሥራ ፈትቼ አገላበጥኩት። «ፕሪንተሬ ወረቀት እየበላ ነው።» «ጥቁር መስመር እየሠራ ያትማል።» «አዲስ ቶነር አስገብቼ ባዶ ነው ይለኛል።» «ሁለት ሁለት ወረቀት ይስባል።» «የህትመት መፍትሔ» የሚል ነገር በሙሉ ደብተሩ ውስጥ አንድ ቦታ እንኳ የለም።

ለእያንዳንዱ ችግር አንድ ገጽ ጻፍን። ርዕሱ የደዋዩ ቃል ነው። ከሥሩ ምክንያቱ፣ ራስህ ልትሞክረው የምትችለው፣ ከዚያ መቼ ባለሙያ እንደምትጠራ። ወረቀት አልስብ ያለ ማሽን ለምሳሌ፣ ብዙ ጊዜ ወረቀቱን የሚጎትተው ጎማ አቧራ ይዞ ወይም ተበልቶ ነው። እርጥብ ጨርቅ ብቻውን ሊያስተካክለው ይችላል።

ይህን ስጽፍ ቴክኒሻኖቹ ተቆጡ። «ሥራችንን በነፃ ልታድለው ነው?» አሉኝ። እኔም ፈርቼ ነበር፣ አልዋሽም። የሆነው ግን ሌላ ነው። ችግሩ በጨርቅ የሚፈታለት ሰው ድሮም ቢደውል አናተርፍበትም፤ ለአምስት ደቂቃ ሥራ ሒሳብ ስንጠይቀው ይናደድብናል። ጠርጎ ጠርጎ እምቢ ያለው ግን ቁጥራችን ፊቱ ላይ ነው። ሲደውልም ምን እንደሞከረ ይናገራል፤ ቴክኒሻኑ ዕቃውን ይዞ ይሄዳል። አሁን አዲስ ገጽ ጻፍ እያሉ የሚጨቀጭቁኝ እነሱ ናቸው።

ውጤቱ ቶሎ አልመጣም። ሦስት ወር ያህል ዝም። ከዚያ «ጥቁር መስመር» የሚለውን ገጽ በሳምንት ሁለት ሦስት ሰው ከፈተው፣ ቀስ እያለ በየቀኑ ሆነ። በዚያ የዝምታ ጊዜ ምክር የሚሰጥ አልጠፋም። አንዱ በገጹ ኮድ ውስጥ፣ ጎብኚ በማያየው የቁልፍ ቃላት ታግ በሚባል ቦታ፣ ቃላት ደርድር አለኝ። ጎግል ያንን ታግ ለደረጃ እንደማይጠቀምበት እ.ኤ.አ. በ2009 ተናግሯል። ምክሩ ግን እስካሁን ከሰው ሰው ይዞራል።

ከዚያ የገነባነውን ራሳችን አፈረስነው። ዌብሳይቱን እናድስ ተባለ። አሪፍ ሆኖ ወጣ። ከሁለት ሳምንት በኋላ ጎብኚው መቀነስ ጀመረ። ወቅቱ ነው አልኩ። ጎግል አሠራሩን ቀይሮ ይሆናል አልኩ። ወር አለፈ፣ ስልኩ ጸጥ አለ። ነገሩ አንድ መስመር ኮድ ነበር። አዲሱ ዌብሳይት ገና በሙከራ ላይ እያለ ጎግል እንዳይመዘግበው «ኖኢንዴክስ» የሚል ትእዛዝ ገብቶበታል። ለሕዝብ ሲከፈት ያንን ያነሳው ሰው አልነበረም። ሰርች ኮንሶል ላይ የገጾቹ ዝርዝር ውስጥ በግልጽ ተጽፏል፤ እኔ ወር ሙሉ አልከፈትኩትም።

በዚያ ላይ የገጾቹ አድራሻ ሁሉ ተቀይሯል። ከድሮው አድራሻ ወደ አዲሱ የሚያሻግረው 301 የሚባለው መምሪያ አልተሠራም። ድሮ ያገኘን ሰው ሊንኩን ሲነካ «ገጹ የለም» ይለዋል። እያንዳንዱን አሮጌ አድራሻ ከአዲሱ ጋር በእጄ አያያዝኩ። እስክናገግም ሁለት ወር ፈጀ። አሁን ማንም ዌብሳይቱን ከነካ፣ በማግስቱ ሰርች ኮንሶልን ሳልከፍት ሌላ ሥራ አልጀምርም።

ገጾቹ ቶሎ አለመከፈታቸውን ግን በቀላሉ ነው የፈታነው። ፎቶዎቹ በስልክ እንደተነሱ ተጭነው ነበር፤ መጠናቸውን አሳነስን። የገጹ ትልቁ ክፍል በ2.5 ሰከንድ ውስጥ ቢታይ ጥሩ ነው ይላል ጎግል። እኔ ቢሮ ካለው ፈጣን ኢንተርኔት ይልቅ በአሮጌ ስልኬ መሞከር ይሻለኛል።

ጎግል ላይ የሚከፈልበት ማስታወቂያም ሞክረናል። «ፕሪንተር» የሚል ቃል ብቻ ሰጥተን ለቀቅነው። አዲስ ማሽን ሊገዛ የፈለገውም፣ ድራይቨር ሊያወርድ የመጣውም ክሊክ አደረገ፤ በእያንዳንዱ ክሊክ እኛ ከፈልን። ሰዎቹ ጎግል ላይ ጽፈው የፈለጓቸውን ቃላት ዝርዝር ሳይ ራሴን ያዝኩ። ማስታወቂያው እንዳይታይባቸው የምንፈልጋቸውን ቃላት አንድ በአንድ አስገባን፣ «ጥገና» የሚለውን ጨመርን፣ ያን ጊዜ ስልክ መጣ። በጀቱ ባለቀ ቀን ግን ስልኩም አብሮ ያልቃል። የ«ጥቁር መስመር» ገጽ ተኝተንም ይሠራል። ስለዚህ ማስታወቂያውን የያዝነው ገና ገጽ ላልጻፍንላቸው ሥራዎች ብቻ ነው።

ከ2024 ጀምሮ ደግሞ ጎግል ከውጤቶቹ በላይ በአርቴፊሻል ኢንተለጀንስ የተዘጋጀ መልስ እያሳየ ነው። ቀላል ቀላል ጥያቄ የሚመልሱት ገጾቻችን የሚታዩት እንደ ድሮው ነው፤ የሚከፍታቸው ግን ቀንሷል። ከማኩረፍ ብዬ ከቴክኒሻኖቹ ጋር ሥራ ቦታ እየሄድኩ የተበላውን ጎማና የተጫረውን ድራም (ቀለሙን ወረቀት ላይ የሚያሳርፈውን ሲሊንደር) ፎቶ አነሳለሁ። ማሽኑን ያልፈታ ሰው እነዚያን ፎቶዎች አያገኛቸውም። «የእኔም ልክ እንደዚህ ነው» ብሎ ፎቶውን መልሶ የሚልክልን ደንበኛ አለ።

ደብተሩ ሁለተኛ ተገዝቷል። ትናንት ማታ ስወጣ የመጨረሻው መስመር ላይ «ኮምፒውተሩ ያየዋል፣ ፕሪንተሩ ግን አይሰማም» ይላል። ርዕሱ አለቀ ማለት ነው፤ የቀረኝ ገጹን መጻፍ ነው።