ንጉሥ የሚከሰስበት አገር

ባለፈው እሑድ የእህቴ ልጅ ከባሕር ዳር መጥቶ ነበር። ባጃጅ ነው የሚነዳው። ቡናው እስኪፈላ ስልኩን ሲነካካ ቆየና «ጋሼ፣ እውነቱን ልንገርዎት? ይቺን አገር የሚያድናት አንድ ቆራጥ ሰው ነው። ፍርድ ቤት፣ ምክር ቤት፣ ጋዜጠኛ እያልን ጊዜ አንፍጅ» አለኝ።

እኔ ደብረ ማርቆስ ውስጥ 26 ዓመት ሥነ ዜጋ አስተምሬያለሁ። ግን አልተቆጣሁትም። ልጁ ምን እንዳንገበገበው አውቃለሁ።

የጎረቤታችን ልጅ ታስሮ ነበር። እናቱ ሦስት ሳምንት ሙሉ ምሳ ስታመላልስ ልጇ ፍርድ ቤት አልቀረበም። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 19 የተያዘ ሰው በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት ይቅረብ ይላል። ይህንን ስንቱን ተማሪ በቃሉ አስይዣለሁ። አንድ ቀን እናትየው መንገድ ላይ አስቁማኝ «መምህር፣ ያ 48 ሰዓት የት ሄደ?» አለችኝ። መልስ አልነበረኝም።

የእህቴ ልጅ ይህንን ያውቃል። እሱ «ሕጉ ካልሠራ ከሕጉ በላይ የሆነ ሰው ይምጣ» ይላል። እኔ ደግሞ ያንን ልጅ ያሳሰረው ማን ሆነና እላለሁ። ከሕግ በላይ የሆነ ሰው አይደለም እንዴ?

«ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ» ይሉ ነበር አባቶቻችን። ሊበራሊዝም፣ ማለትም ገዢም ከሕግ በታች ይሁን የሚለው አስተሳሰብ፣ ለእኔ የዚህ ተረት ተቃራኒ ነው። ንጉሥ ይከሰሳል። አውቃለሁ፣ ቃሉ እኛ አገር ስሙ ጠፍቷል። በኢሕአዴግ ጊዜ «ኒዮ ሊበራል» ስድብ ነበር። ነገሩ ግን ባዕድ አይደለም። ገበያ ላይ ሁለት ሰዎች ዱላ ሲማዘዙ አንዱ «በሕግ አምላክ!» ካለ የተነሣው ዱላ አየር ላይ ይቀር ነበር። ጉልበተኛውም ቢሆን ይቆማል። «በፍርድ ከሄደች በቅሎዬ፣ ያለ ፍርድ የሄደች ጭብጦዬ ትቆጨኛለች» የሚል ሕዝብ ነፃ ፍርድ ቤት ምን እንደሆነ ከፈረንጅ መማር አያስፈልገውም።

አባቴ በ1960ው የጎጃም ገበሬዎች አመፅ ጊዜ ሞጣ ነበር። መንግሥት የእርሻ ገቢ ግብር አወጣ። ገበሬው መሬቴ ሊለካ ነው፣ ርስቴን ልነጠቅ ነው ብሎ ፈራ። አቤት አለ። ሰሚ ሲያጣ ጠመንጃ አነሣ። ጦር ዘመተበት። በመጨረሻ ገዢው ደጃዝማች ፀሐዩ እንቁ ሥላሴ ተነሡ፣ ውዝፉ ግብርም ቀረ። ጎጃም አሸነፈ ይባላል። አባቴ ግን ሲያወራው የሚያነሣው የቀበራቸውን ጎረቤቶቹን ነበር። አንድ ገዢ ለማስነሣት ያ ሁሉ ሰው መሞት ነበረበት? ምርጫ፣ ዳኛና ጋዜጣ የሚያስፈልጉን ሹም ያለ ጥይት እንዲወርድ ነው።

«ሕዝቡ ራሱ የመረጠው ሰው ቢሆንስ?» አለኝ ልጁ። ጥሩ ጥያቄ ነው። የሃንጋሪውን ፖለቲከኛ የቪክቶር ኦርባንን ታሪክ ነገርኩት። እ.ኤ.አ. በ2010 በምርጫ አሸንፎ የምክር ቤቱን ሁለት ሦስተኛ ያዘ። ታንክ አላወጣም። ፓርቲው አዲስ ሕገ መንግሥት አጸደቀ፣ የዳኞችን የጡረታ ዕድሜ ከ70 ወደ 62 አወረደ። ነባር ዳኞች ከወንበራቸው ተነሡ። የአውሮፓ ኅብረት ፍርድ ቤት ተገቢ አይደለም ሲል ብዙዎቹ ወጥተው ነበር። እ.ኤ.አ. በ2014 ደግሞ የምንገነባው ሊበራል ያልሆነ መንግሥት ነው ብሎ በአደባባይ ተናገረ። ይህንን ሁሉ ያደረገው በሕዝብ ስም ነው።

«የኛ ሰው ከሆነ ግን...» ብሎ ጀመረ።

«የኛ ሰው ሲያስርህ ለማን አቤት ትላለህ?» አልኩት።

ዝም አለ። ሁለተኛውን ቡና ጠጣን። ሊሄድ ሲነሣ «ያ የጎረቤታችሁ ልጅ ግን ተፈታ?» አለኝ።

ተፈትቷል። ለምን እንደታሰረ እስከ ዛሬ የነገረው የለም።