ከወር አበባ በፊት የሚከብደው እግር

የወር አበባ ሊመጣ ሁለት ሦስት ቀን ሲቀረው እግራቸው የሚከብድ፣ ዓይናቸው የሚጋረድ የመልቲፕል ስክሌሮሲስ (ኤም ኤስ፤ የሰውነት መከላከያ ኃይል የነርቭን ሽፋን የሚያጠቃበት በሽታ) ታማሚዎች ብዙ ናቸው። ብዙውን ጊዜ «ጭንቀት ነው» ይባላሉ። ለእኔ ይህ መልስ ስንፍና ነው፤ ነገሩ ከጭንቀት ይልቅ ከቴርሞሜትር ጋር ይቀራረባል።

እንቁላል ከወጣ በኋላ ፕሮጄስትሮን የሚባለው ሆርሞን ስለሚጨምር የሰውነት ሙቀት ከ0.3 እስከ 0.5 ዲግሪ ሴልሺየስ ከፍ ይላል፤ የወር አበባው እስኪቃረብም አይወርድም። ጤነኛ ነርቭ ይህችን ታህል ሙቀት ከቁም ነገር አይቆጥራትም። ማይሊን የሚባለው ሽፋኑ የተላጠ ነርቭ ግን ድሮም መልእክት የሚያሳልፈው በጭንቅ ነው፤ ትንሽ ሲሞቅ ጭራሹን ያቋርጣል። ጀርመናዊው የዓይን ሐኪም ቪልሄልም ኡትሆፍ እ.ኤ.አ. በ1890 የመዘገበው ይህንኑ ነበር፦ ታማሚው ሲንቀሳቀስ እይታው ይደበዝዛል፣ ሲያርፍ ይመለሳል። በማረጥ ዕድሜ ድንገት የሚመጣው ወበቅም መንገዱ ያው ነው። አዲስ ጉዳት ደርሶ ሳይሆን የቆየው ጠባሳ ነው ራሱን የሚያሳየው።

እውነተኛ ግርሻ፣ ማለትም በሽታው እንደገና ሲያጠቃ፣ ሌላ ነው። ምልክቱ ከ24 ሰዓት በላይ ይቆያል፣ ትኩሳትም ኢንፌክሽንም አይኖርም፣ ካለፈው ግርሻም ቢያንስ 30 ቀን ያለፈው መሆን አለበት። ሁለቱን ለመለየት ከደብተር የተሻለ መሣሪያ የለም። ጠዋት ከአልጋ ሳይነሱ የተለካ ሙቀት፣ የወር አበባው የመጀመሪያ ቀን፣ ምልክቱ ምን እንደነበረና ስንት ሰዓት እንደቆየ፣ የሌሊቱ እንቅልፍ፤ ይኸው ነው። ሦስት ዑደት ከተመዘገበ መልኩ መታየት ይጀምራል። ሰው የሚሳሳተው በከፋው ቀን ብቻ ሲጽፍ ነው፤ ያኔ ሁሉም ነገር ከወር አበባ ጋር የተገናኘ ይመስላል። ደህና የዋለበት ቀንም መጻፍ አለበት። ዑደቱን የሚያቆም የእርግዝና መከላከያ የምትወስድ ሴት ደግሞ ይህን ከእንቁላል መውጣት ጋር የሚመጣ የሙቀት ከፍታ አታገኘውም፣ ስለዚህ ሙቀቱን ባትለካም የቀረባት ነገር የለም።

ይህን ያህል የምለፋበት ያለምክንያት አይደለም። ግርሻ ነው ተብሎ ከተወሰነ የተለመደው ሕክምና ሜቲልፕሬድኒሶሎን ነው፤ በቀን 1 ግራም፣ ከ3 እስከ 5 ቀን። እሱም በበኩሉ የኮርቲሶል ዘመድ የሆነ ሰው ሠራሽ ሆርሞን (ስቴሮይድ) ነው። ስኳር ይጨምራል፣ ስሜት ይለዋውጣል፣ እንቅልፍም ይነሳል፤ ጠዋት ይሰጥ የሚባለው ለዚህ ነው። የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን ልክ ግርሻ መስሎ ሊመጣ ይችላል፤ ሽንት ሳይመረመር ስቴሮይድ ከተጀመረ ኢንፌክሽኑ ይባስ ሊበረታ ይችላል።

የወር ዑደቱ ትንሿ ሞገድ ናት። ትልልቆቹ ጉርምስናና እርግዝና ናቸው። ከጉርምስና በፊት በሽታው ሴትና ወንድ ልጆችን የሚይዘው በተቀራረበ መጠን ነው፤ ከዚያ በኋላ ልዩነቱ ይሰፋና በብዙ አገሮች በአዋቂዎች ዘንድ 3 ሴት ለ1 ወንድ ገደማ ይደርሳል። ሆርሞን ብቻውን በሽታውን አያመጣም፤ ዘር፣ ሲጋራ፣ የቫይታሚን ዲ ማነስና የኤፕስታይን ባር ቫይረስም አሉበት። ቢሆንም ልዩነቱ የሚከፈትበት ዕድሜ የአጋጣሚ ነገር ነው ብዬ አላምንም።

በእርግዝና ላይ ደግሞ ቁጥሩ ራሱ ይናገራል። እ.ኤ.አ. በ1998 የታተመ ጥናት በ12 የአውሮፓ አገሮች 254 ሴቶችን ተከታትሎ ነበር። ከማርገዛቸው በፊት በነበረው ዓመት አማካዩ በሴት በዓመት 0.7 ግርሻ ነበር፤ በመጨረሻዎቹ ሦስት የእርግዝና ወራት ወደ 0.2 ወረደ፤ ከወሊድ በኋላ ባሉት ሦስት ወራት፣ አሁንም በዓመት ሲሰላ፣ 1.2 ደረሰ። የእናት መከላከያ ኃይል ፅንሱን እንዳያጠቃ ልጓም ይደረግለታል፤ ከልጓሞቹ አንዱ የእንግዴ ልጅ የሚያመርተው ኤስትሪዮል የሚባል ሆርሞን ነው። የእንግዴ ልጁ ሲወጣ ልጓሙም አብሮ ይወጣል። ታዲያ 1.2 ማለት ሁሉም ሴት ያገረሽባታል ማለት አይደለም፤ በእነዚያ ሦስት ወራት ያገረሸባቸው 28 በመቶ ገደማ ነበሩ። ይህን ሳይናገሩ የመጀመሪያውን ቁጥር ብቻ ለነፍሰ ጡር መንገር ማስፈራራት ነው።

«እንግዲያው ኤስትሪዮሉን በክኒን እንስጥ» ማለት የሚጠበቅ ነበር፤ ተሞክሯልም። እ.ኤ.አ. በ2016 በታተመ ሙከራ 164 ሴቶች ግላቲራመር የሚባለውን የኤም ኤስ መድኃኒት እየወሰዱ ሳሉ ግማሾቹ በቀን 8 ሚሊግራም ኤስትሪዮል ተጨመረላቸው። የዓመቱ ግርሻ 0.25 ሆነ፣ ሳይጨመርላቸው ከቀሩት 0.37 ጋር ሲነጻጸር። ተስፋ ይሰጣል፣ ግን የሙከራው መጠን ትንሽ ነው፤ ለዚህ በሽታ የጸደቀ ሕክምናም አልሆነም። ከወሊድ በኋላ ፕሮጄስቲንና (የፕሮጄስትሮን ሰው ሠራሽ ዘመድ) ኤስትሮጅን በመስጠት ግርሻን ለመከላከል የተሞከረው ደግሞ ውጤት አላሳየም። በማረጥ ጊዜ የሚሰጥ ሆርሞንም ለወበቁና ለአጥንት ነው፤ ኤም ኤስን ያክማል ብሎ የሚሸጥ ካለ አይታመን።

አንድ ሰው የማይጠረጥረው ወጥመድ የታይሮይድ ምርመራ ነው። ድካም የኤም ኤስም የታይሮይድም ምልክት ስለሆነ ምርመራው በተደጋጋሚ ይታዘዛል። ከፍተኛ መጠን ያለው ባዮቲን (የቫይታሚን ቢ ዓይነት) የሚወስድ ሰው ላይ ግን አንዳንዶቹ የላቦራቶሪ ዘዴዎች ይታለላሉ፦ ታይሮይድን የሚያዘው ሆርሞን ቲ ኤስ ኤች በሐሰት ዝቅ፣ ታይሮይዱ የሚያመርተው ቲ 4 በሐሰት ከፍ ይላል፤ ወረቀቱም ታይሮይዱ ከልክ በላይ ይሠራል ይላል። ባዮቲኑን ቢያንስ 2 ቀን አስቀድሞ ማቆም፣ መጠኑ ብዙ ከሆነ ደግሞ ከዚያም ለረዘመ ጊዜ ማቆም ያስፈልጋል።

ለማርገዝ የምታስብ ሴት ከሆርሞኑ በፊት የምትወስደውን የኤም ኤስ መድኃኒት ትመልከት። ቴሪፍሉኖማይድ ከደም እስኪጠፋ እስከ 2 ዓመት ሊፈጅ ይችላል፤ ቶሎ እንዲወጣ ኮሌስቲራሚን 8 ግራም በቀን 3 ጊዜ ለ11 ቀን ይሰጣል። ፊንጎሊሞድ ከማርገዝ 2 ወር በፊት ይቆማል፣ ሲቆም ግን በሽታው በኃይል ሊመለስ ስለሚችል ምትኩ አስቀድሞ ይታሰብ። ማርገዝ ለማትፈልገውም ጥንቃቄ አለ፦ ለድካም የሚታዘዘው ሞዳፊኒል የእርግዝና መከላከያ ክኒንን ያዳክማል፣ ከቆመ በኋላም አንድ ሁለት ወር ድረስ። ሞዳፊኒሉን የሚያዘው የነርቭ ሐኪም፣ ክኒኑን የሚያዘው ሌላ ስለሚሆን አንዳቸው የሌላውን ማዘዣ ላያዩት ይችላሉ።